የመኪና ሪሞት ቁልፍ ከመኪናው ጋር እንዴት ይተዋወቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ የመኪና ቁልፍ እሠራለሁ። ከመቅረጹ ይልቅ አዲሱን ቁልፍ ከመኪናው ጋር ማስተዋወቁ ላይ ነው ጊዜዬን የማጠፋው። ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ተጨንቆ ነው የሚመጣው። ልጅ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ወይም ከጀልባ ወርዶ መኪናው አልከፈትም ብሎታል። በዚያ ሰዓት ቁጭ ብሎ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ በየቀኑ የምጠየቀውን እዚህ ጻፍኩት።

ቁልፍ ቀራጭ ጋ ሄጄ አስቀረጽኩ። በሩን ይከፍታል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። ለምን?

ቀራጩ ምንም አላጠፋም። ብረቱን ልክ አድርጎ ቀርጾታል። የጎደለው ሌላ ነው።

በአንድ የመኪና ቁልፍ ውስጥ ሦስት ነገር አለ። አንደኛው ጥርስ ያለው ብረት ነው። ሁለተኛው በባትሪ የሚሠራው ሪሞት ነው፤ የእሱ ሥራ በር መቆለፍና መክፈት ነው። ሦስተኛው ቺፕ ነው። ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም፤ ፕላስቲኩ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀመጣል፤ ባትሪም የለውም። ሞተሩ እንዲነሳ የሚያስፈቅደው ይኸው ቺፕ ነው።

የቁልፉን ቀዳዳ የከበበ ጥቅል ሽቦ አለ። ቁልፉን ከተው ሲያዞሩ ሽቦው በ125 ኪሎኸርዝ አካባቢ ኃይል ይለቃል። ቺፑ ከዚያ ላይ ትንሽ ጉልበት ወስዶ ይነቃና ለመኪናው መልስ ይሰጣል። መልሱ ካልተስማማው የመኪናው ኮምፒውተር ነዳጅ ወይም እሳት ይከለክላል። ኢሞቢላይዘር የሚባለው ይህ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የመኪና ወይም የቁልፍ ምስል ያለበት መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ካለ «ይህን ቁልፍ አላውቀውም» እያለዎት ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ኢሞቢላይዘር ለአዳዲስ መኪኖች ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ድሮ ከተማችንን ሞልቶት የነበረው ኮሮላ ዲኤክስ ግን ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ለዲኤክስ ብረቱ ከተቀረጸ በቃ፤ ይነሳል። ከዲኤክስ ወደ አዲስ መኪና የተሻገሩ ሰዎች ግራ የሚጋቡትም በዚህ ነው።

መኪናው የእኔን ቁልፍ ከሌላው በምን ይለየዋል?

በሚስጥር ነው። ቺፑ ላይ ልጀምር።

ልጆች ሆነን ማታ ማታ የምንጫወተውን ያስታውሱ። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» መኪናውም ቁልፉን የሚጠይቀው እንደዚሁ ነው። ሁለቱ የሚያውቁት አንድ የሚስጥር ቁጥር አለ፤ ያ ቁጥር ግን በአየር ላይ ወጥቶ አይነገርም። መኪናው በየጊዜው አዲስ ጥያቄ ይልካል። ቺፑ ጥያቄውን ከሚስጥሩ ጋር አስልቶ ይመልሳል። መኪናው ያንኑ ስሌት በራሱ ሠርቶ ያመሳክራል። የትናንቱን መልስ አድብቶ የሰማ ሌባ ዛሬ አይረባውም፤ የዛሬው እንቆቅልሽ ሌላ ነው። መልሱ የጠፋበት ቁልፍ ደግሞ እንደ ልጆቹ አገር ሰጥቶ አያመልጥም።

ሁሉም ቺፕ እንዲህ ብልህ አይደለም። በቆዩ ቶዮታዎች ውስጥ ያለው 4ሲ የሚባለው ቺፕ ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ቁጥር ነው የሚናገረው። ስለዚህ በቀላሉ ይገለበጣል። የተገለበጠውን ቁልፍ መኪናው እንደ አዲስ አያየውም፤ ያው የድሮው ቁልፍ ነው የሚመስለው። ዋናው ከመኪናው ቢሰረዝ ግልባጩም አብሮ ይሰረዛል።

ሪሞቱ ሌላ ዘዴ አለው። ተራው ሪሞት መናገር እንጂ መስማት አይችልም፤ እንቆቅልሽ ቢጠየቅም አይሰማም። ስለዚህ የጦር ሰፈር ዘበኞች የይለፍ ቃል በየማታው እንደሚለወጥ፣ እሱም በተጫኑት ቁጥር ቃሉን ይለውጣል። ውስጡ ቆጣሪ አለ። አንድ ጊዜ ሲጫኑት በአንድ ይጨምራል። ቁጥሩ በሚስጥር ተመስጥሮ ይላካል። መኪናው ይፈታዋል፤ ካለፈው ወደ ፊት የሄደ ከሆነ ይከፍታል፤ የቆየ ቁጥር ከሆነ ዝም ይላል።

ከእነዚህ ዘዴዎች በጣም ከታወቁት አንዱ ኪሎክ ይባላል። የተፈለሰፈው እዚሁ አፍሪካ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ። በ1995 ማይክሮቺፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ10 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ለተለማማጆቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። ይህ ሙያ ከሩቅ የመጣ ብቻ ሳይሆን የአፍሪካውያንም እጅ ያለበት መሆኑን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ልጄ ቁልፉን ሲጫወትበት ዋለ። አሁን ሪሞቱ አልሠራም አለ። ተበላሸ?

ላይበላሽ ይችላል። ልጁ ቤት ውስጥ ሲጫነው የሪሞቱ ቆጣሪ ወደ ፊት ሄዷል፤ መኪናው ግን አልሰማም። መኪናው ትንሽ መቅደምን ይታገሳል። በኪሎክ የተለመደው ልክ 16 ነው። ከዚያ ካለፈ መኪናው አጠገብ ቆመው ሁለት ጊዜ አከታትለው ይጫኑት። ሁለቱ ቁጥሮች ተከታታይ ከሆኑ መኪናው «አዎ፣ አንተ ነህ» ብሎ ቆጣሪውን ያስተካክላል። በዚህ መንገድ እስከ 32 ሺህ ገደማ ድረስ የራቀ ሪሞት ይመለሳል። አንድ ሕፃን በአንድ ቀን ይህን ያህል አይጫንም።

ካልሆነ ባትሪው አልቆ ይሆናል። ከዚያ በፊት እንደገና ስለማስተዋወቅ አይጨነቁ። ሪሞት አልሠራም ብለው ከሚመጡልኝ ሰዎች ብዙዎቹ ባትሪ ቀይሬላቸው ይሄዳሉ። ባትሪ ሲገዙ ቁጥሩን ይዩ፤ ሲአር 2032 እና ሲአር 2016 ስፋታቸው እኩል 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ውፍረታቸው ግን አንዱ 3.2፣ ሌላው 1.6 ነው። ቀጭኑ በወፍራሙ ቦታ ሲገባ አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይለቃል።

አዲስ አበባ የገዛሁት ሪሞት ከዋናው ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ለምን አልተቀበለውም?

መልኩ አንድ ሆኖ የሚናገርበት ሞገድ ሊለያይ ይችላል። ለሰሜን አሜሪካና ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ሪሞት በአብዛኛው በ315 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል። የአውሮፓና የዓረብ አገራት ግን ብዙውን ጊዜ 433.92 ነው። እኛ አገር ደግሞ ሁሉም ሲገባ ኖሯል። ከዱባይ የመጣው ኮሮላና ከጃፓን የመጣው ቪትዝ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። የአንዱ ሪሞት ለሌላው ደንቆሮ ነው።

እኔም ሥራውን ስጀምር በዚህ ተጎድቻለሁ። «ለሁሉም ቶዮታ ይሆናል» ብሎ የማለልኝ ነጋዴ ነበር። አምኜው ብዙ ሪሞት ገዝቼ መጣሁ። ከመኪናዎቹ አንዱ እንኳ አልሰማኝም። ያን ጊዜ ሞገድ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አልነበረኝም፤ ዛሬ ከኪሴ አይለይም።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የድሮውን ሪሞት ከፍተው ውስጡ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ፎቶ ያንሱ። ጀርባው ላይ የታተመውንም ቁጥር ያንሱ። ቺፑም መመሳሰል አለበት። በአንዳንድ የቶዮታ ቁልፎች ብረት ላይ ጂ ወይም ኤች የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ተቀርጾ ያያሉ፤ የቺፑን ዓይነት የሚናገር ነው። የጂ መኪና የኤች ቁልፍ አይቀበልም።

የሌላ መኪና አሮጌ ቁልፍ አለኝ። ለእኔ መኪና ማድረግ ይቻላል?

ፕላስቲኩ ይጠቅማል። የበር መክፈቻው ሰሌዳም በአንዳንድ የቆዩ መኪኖች እንደገና ይሠራል። ቺፑ ግን ብዙውን ጊዜ አንዴ ከአንድ መኪና ጋር ከተቆራኘ ይቆለፋል። የአንዳንዱን መቆለፊያ መፍታት ይቻላል፤ ልፋቱና ወጪው ግን ከአዲስ ቁልፍ አያንስም።

ማሽን ተሰክቶ የሚሠራው ምንድን ነው?

ከመሪው በታች 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት አለ፤ ኦቢዲ ይባላል። ማሽኑ እዚያ ይሰካል። ብዙ ሰው ማሽኑ ቁልፉን የሚያስተምር ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው መኪናው ነው። ማሽኑ መኪናውን «አዲስ ቁልፍ ልታይ ነው፤ ተዘጋጅ» ይለዋል። መኪናው ግን ዝም ብሎ እሺ አይልም። የሃዩንዳይና የኪያ መኪኖች ስድስት አኃዝ ያለው የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃሉ። የቆዩ ቶዮታዎች ዋናውን፣ ማስተር የሚባለውን ቁልፍ ማየት ይፈልጋሉ። ከመኪናው ጋር የመጣ ግራጫ እጀታ ያለው ቁልፍ ካለ ምናልባት ማስተር አይደለም፤ ሞተር ያስነሳል እንጂ አዲስ ቁልፍ አያስመዘግብም።

አንድ ነገር በጣም እለምናለሁ። የደከመ የመኪና ባትሪ ይዘው አይምጡ። ሥራው መሀል ላይ ኃይሉ ከወረደ የመኪናው ኮምፒውተር ግማሽ ጽፎ ሊቀር ይችላል። መብራት ድንገት በሚጠፋበት ከተማ ቻርጀር ላይ ብቻ መተማመን አይቻልም።

ማሽን የማይፈልጉም አሉ። አንዳንድ የቆዩ መኪኖች ቁልፉን በተወሰነ ቅደም ተከተል እያስገቡና እያወጡ፣ በሩን እየከፈቱና እየዘጉ ሪሞቱን ይቀበላሉ። ያ የሚሠራው ለበር መክፈቻው ነው እንጂ ለቺፑ አይደለም። እዚህ አገር የተገጠመ አላርም ከሆነ ደግሞ የራሱ ሳጥንና የራሱ የማስተዋወቂያ ቁልፍ አለው፤ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር አይገናኝም።

ያለኝ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። በደንብ እየሠራ ሁለተኛ ማሠራት ግድ ነው?

ግድ ነው። እዚህ ገጽ ላይ ሌላውን ሁሉ ቢያልፉት ይህን አይለፉት።

ባለፈው ክረምት ከወረታ የመጣ አንድ ቤተሰብ መኪናውን ወደቡ ጋ አቁሞ በጀልባ ዘጌ ሄደ። ገዳማቱን ተሳልመው ሲመለሱ አባትየው ከጀልባው ሊወርድ ጎንበስ አለ። ቁልፉ ከደረት ኪሱ ሾልኮ ጣና ገባ። ጥልቀቱ የሰው ቁመት አይሞላም፤ ውኃው ግን የክረምት ውኃ ነው፤ ደፍርሷል። ሁለት ወጣቶች ዋኝተው ፈለጉ፤ አልተገኘም። ቁልፉ ያ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት የቆመ መኪና ሰኞ ማታ ነው የተነሳው። ልጆቹ ሆቴል አደሩ። እናትየው «አንድ ቁልፍ ብንጨምር ኖሮ» እያለች ስትናደድ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ልዩነቱ ለምን ይህን ያህል ሰፋ? አንድ የሚታወቅ ቁልፍ ካለ ለአዲሱ ዋስ ይሆናል። መኪናው ዋሱን ያያል፤ አዲሱን ይመዘግባል፤ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ያልቃል። ሁሉም ከጠፋ ዋስ የለም። ያኔ የሚስጥር ቁጥሩን ከሌላ ቦታ ማግኘት፣ ወይም የኢሞቢላይዘሩን ማህደር ማጽዳት ያስፈልጋል። በአንዳንድ ቶዮታዎች መኪናው ሆን ብሎ 16 ደቂቃ ያስጠብቃል፤ ሌባ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም ተብሎ ነው። በሌሎች ደግሞ ዳሽቦርድ ይፈታል፤ ሳጥኑ ይወጣል፤ ጥቁር የማህደር ቺፕ ተነቅሎ ይነበባል፤ ይስተካከላል፤ ይመለሳል። በብየዳው ትንሽ ስህተት ሌላ ጣጣ ይመጣል። የሰኞው ሥራ እንዲህ ነበር።

ሁለተኛውን ሲያሠሩ ቤት ያስቀምጡት። ሁለቱን በአንድ ማንጠልጠያ አይያዟቸው። አብረው መጥፋታቸው ሳያንስ፣ ሁለት ቺፖች አንድ ላይ ሲቀርቡ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያበላሻል፤ መኪናውም አንዳንዴ አልነሳም ይላል።

ያገለገለ መኪና ገዛሁ። ሻጩ ሁለት ቁልፍ ሰጠኝ። ይበቃል?

የተሰጡዎት ሁለት ናቸው፤ የተመዘገቡት ግን አራት ሊሆኑ ይችላሉ። በብዙ መኪኖች ማሽኑ ሲሰካ ቁጥሩን ያሳያል። ከእጅዎ ካሉት በላይ ከሆነ ሁሉም ተሰርዘው በእጅዎ ያሉት ብቻ እንደገና ይመዝገቡ። ስም በሚዛወርበት ሳምንት ቢያደርጉት ይሻላል። ሻጩን መጠርጠር አይደለም። ቁልፉ ስንት ባለቤትና ስንት ሹፌር አልፎ እንደመጣ እሱም ላያውቅ ይችላል።

ቁልፌ ውኃ ገባ፤ አግኝቼዋለሁ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ሳይጫኑት ይክፈቱትና ባትሪውን ያውጡ። ሰሌዳውን የሚበላው ውኃው ብቻ አይደለም፤ ባትሪው ውስጡ እያለ መርጠቡ ነው። የጣና ውኃ ጨው ስለሌለው ከባሕር ይሻላል፤ ግን ደለል አለው። በንጹሕ ውኃ፣ ካገኙ በባትሪ ውኃ ያለቅልቁት። የባትሪ ውኃ ስል አሲዱን አይደለም፤ የተጣራውን ውኃ ነው። ከዚያ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ሁለት ቀን ይድረቅ። ጤፍ ውስጥ አይቅበሩት። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ አድርጎ መጥቶ ከአዝራሮቹ ሥር ፍሬ በመርፌ ለቅሜያለሁ።

ደግሞ ተስፋ አይቁረጡ። ቺፑ ታሽጎ የተሠራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ውኃ አይነካውም። ሪሞቱ ቢሞትም ብረቱ በሩን ይከፍታል፣ ቺፑ ሞተሩን ያስነሳል።

ትርፍ ቁልፉ አዲስ አበባ ነው። ባለቤቴ ስልክ ላይ ብትጫነው እዚህ ይከፍታል?

አይከፍትም። ይህን የሚያሳይ ቪዲዮ ስላለ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ስልክ የሚያስተላልፈው ድምፅ ነው፤ ሪሞቱ የሚልከው የሬዲዮ ሞገድ ነው። ማይክሮፎኑ አይሰማውም። በመንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአውሮፕላን ከሚመጣ ሰው ጋር ግን በዚያው ቀን ሊደርስ ይችላል። ይላኩት።

ፑሽ ስታርት፣ በአዝራር የሚነሳ መኪና ነው ያለኝ። ቁልፉ ባትሪ ቢጨርስ እቀራለሁ?

አይቀሩም። ቁልፉን ገልበጥ አድርገው ይዩት፤ ትንሽ መፍቻ አለው፤ ሲጫኑት ብረት ይወጣል። በሩን በዚያ ይክፈቱ። በቶዮታ ከሆነ ፍሬን ረግጠው የቁልፉን አርማ ያለበትን ጎን ከማስነሻው ጋር ያስነኩና ይጫኑ። ባትሪ የማይፈልገው ቺፕ ውስጡ አለ። በሌሎች መኪኖች የሚነካበት ቦታ ይለያያል፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ዛሬውኑ ይፈልጉት።

ቁልፉን ቤት ውስጥ ከመኪናው ጥግ አያስቀምጡ። መኪናው ደጋግሞ ሲጣራ ቁልፉ ደጋግሞ ይመልሳል፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል።

የኤሌክትሪክ መኪናስ?

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ እየበዛ ነው። መሠረቱ ያው ነው፤ ሚስጥርና መልስ። የተለወጠው የሚስጥሩ ማደሪያ ነው። በብዙ የቢዋይዲ ሞዴሎች ከቁልፉ ጋር የባንክ ካርድ የሚመስል ካርድ ይሰጣል፤ በሹፌሩ በኩል ያለውን ስፖኪዮ ሲያስነኩት ይከፍታል። ካርዱን ኪስ ቦርሳዎ ውስጥ ያድርጉት፤ ትርፍ ቁልፍ ማለት ነው። ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ደግሞ አዲስ ቁልፍ የሚቀበሉት ከፋብሪካው ኮምፒውተር ፈቃድ ሲመጣ ነው። ለእነዚህ መኪኖች ቁልፍ ሁሉ ከጠፋ እኔ ጋ መምጣት አይበቃም። ሲገዙ ሁለት ሙሉ ቁልፍ ሳይቀበሉ አይፈርሙ።

ሌባ ሪሞቴን ሊቀዳው ይችላል?

የሚለዋወጠውን ቁጥር ቀድቶ መልሶ መላክ ቀላል አይደለም። የማይሰበር ነው ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በጀርመን የቦሁም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኪሎክን ሚስጥር ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ከዚያ ይልቅ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛው ማፈን ነው። ሪሞቱን ሲጫኑ ሌላ ሰው በዚያው ሞገድ ላይ ቢጮህ መኪናው አይሰማዎትም፤ እርስዎ ግን ቆልፌያለሁ ብለው ይሄዳሉ። መብራቱ ብልጭ ሲል ሳያዩ፣ እጀታውን ሳይስቡ አይሂዱ። ሁለተኛው የፑሽ ስታርት መኪኖች ነው። ሁለት ሌቦች፣ አንዱ ቁልፉ አጠገብ፣ አንዱ መኪናው አጠገብ ሆነው ሞገዱን ቢቀባበሉ መኪናው ቁልፉ የቀረበ ይመስለዋል። ቁልፉን ማታ ክዳን ባለው የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡ። የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ይበቃል።

ስመጣ ምን ልያዝ?

መኪናውን ራሱን፣ በእጅዎ ያሉትን ቁልፎች ሁሉ፣ ሊብሬውንና መታወቂያዎን። የተበላሸም ቢሆን ቁልፉን አይጣሉት፤ ከሞተ ሪሞት ውስጥ የተረፈ ቺፕ ብዙ ሰው አድኗል። በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር አመሳክራለሁ። ካልተመሳሰለ፣ ወይም ሊብሬው ከሌለ፣ ለወንድሜም ቢሆን አልሠራም። መኪናው የቆመው ርቆ ከሆነ ይደውሉና የሻንሲ ቁጥሩንና የታርጋውን ፎቶ አስቀድመው ይላኩልኝ፤ የትኛውን ቺፕና የትኛውን ማሽን ይዤ እንደምመጣ ከዚያ ላይ አውቃለሁ።